የሞተር ጓንት ለብርዱ፣ ለዝናቡና ለበረሃው፦ የ27 መልሶች ክር

ሰሞኑን ስለ ሞተር ጓንት የተከፈተው የውይይት ክር ረዝሟል። 27 መልስ ደርሷል። መሀል ላይ እየገቡ ከላይ የተመለሰውን ደግመው የሚጠይቁ ስለበዙ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ አሰባስቤዋለሁ። የማልስማማበት ቦታ ላይ ደግሞ ዝም አልልም። የኔ አቋም ከወዲሁ ይታወቅ፦ ለሁሉም ወቅት የሚሆን አንድ ጓንት የሚባል ነገር የለም። ሁለት ያስፈልጋል። ባዶ እጅ መንዳት ግን ለአንድ ፌርማታ መንገድ እንኳን አይታሰብም።

ጠያቂው የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ባለ 150 ሲሲ ሞተር አለው። በሥራ ቀን ከሳሪስ ሜክሲኮ ይመላለሳል። እሁድ እሁድ ከጓደኞቹ ጋር በሱሉልታ በኩል ወደ ፍቼ ይወጣል፣ ሲመቻቸው ጎሃ ጽዮን አልፈው ዓባይ በረሃ ይወርዳሉ። ችግሩን ጥሩ አድርጎ ነው ያስቀመጠው። ጠዋት ሱሉልታ ሜዳ ላይ ጣቱ ከመደንዘዙ የተነሳ ፍሪሲዮኑን መያዝ አለመያዙን በዓይኑ አይቶ ነው የሚያረጋግጠው። በረሃው ውስጥ ሲገባ ደግሞ መዳፉ በላብ ይርሳል። ክረምቱ ያው ክረምት ነው። ገንዘብ ቆጥቧል፣ አንድ ደህና ጓንት ገዝቶ መገላገል ይፈልጋል።

1ኛውና 2ኛው መልስ የተለመዱ ናቸው። አንዱ የራሱን አጭር የፍየል ቆዳ ጓንት አመስግኖ እሱን እንዲገዛ መከረው። ሌላው ወፍራም ገበር ያለው የብርድ ጓንት ይሻላል ብሎ ፎቶ ለጠፈ። ሁለቱም በቅንነት ነው የመለሱት፣ ግን የመለሱት ለራሳቸው መንገድ ነው።

ነገሩን መስመር ያስያዘው 3ኛው ነው። መልስ ከመስጠቱ በፊት ስንት ሰዓት እንደሚነሱ፣ በምን ፍጥነት እንደሚነዱ፣ ሳይቆሙ ምን ያህል እንደሚሄዱ ጠየቀ። ከዚያ ስለ ነፋስ አስረዳ። አየሩ 10 ዲግሪ ቢሆን በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለሚሄድ ሰው ባዶ ቆዳ ላይ 4 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ነው የሚሰማው። ህዳርና ታህሳስ ላይ ደግሞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሱሉልታ ላይ 10 ዲግሪ ከተገኘም ጥሩ ነው። ከጎሃ ጽዮን ሲነሱ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው፣ ዓባይ ድልድይ ጋ ሲደርሱ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ። በአንድ ጠዋት ውርጭም ሙቀትም ያገኛቸዋል። ከተማ ውስጥ ግን በ30 በ40 ሲነዳ ነፋሱ ያን ያህል አይጎዳም፣ ፍሬን ነው በየደቂቃው የሚያዘው። እዚያ የሚፈለገው መዳፉ ስስ የሆነ፣ ጣት እንደልብ የሚያንቀሳቅስ ጓንት ነው። ስለዚህ የቱ ይሻላል ከማለት በፊት የትኛው መንገድ፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ፍጥነት ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

4ኛው መልስ ላይ የክሩ መንፈስ ተቀየረ። ጸሐፊው ለብዙ ዓመት ባዶ እጃቸውን የነዱ ሰው ናቸው። ለከተማ ጓንት አያስፈልግም ባይ ናቸው። ፍሬኑን የሚያውቀው ጣት ስለሆነ ጣት ሲሸፈን ሞተሩ ከቁጥጥር ይወጣል አሉ። የአሁን ልጆች ከመንዳት ይልቅ መልበስ ይወዳሉ የሚል ወቀሳም ጣል አደረጉ።

5ኛዋ መላሽ ድንገተኛ ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። ጋሼ ብላ በአክብሮት ነው የጀመረችው። ሰው ሲወድቅ ሳያስበው እጁን ይዘረጋል፣ ልተው ቢል እንኳን አይችልም። ስለዚህ በ20 ኪሎ ሜትርም ይውደቅ በ80፣ ብዙ ጊዜ አስፋልት ቀድሞ የሚነካው መዳፍ ነው። ከአውራ ጣት ሥር፣ የእጅ አንጓው ላይ፣ ስካፎይድ የምትባል ትንሽ አጥንት አለች። የደም አቅርቦቷ ደካማ ነው። ስትሰበር ቶሎ አትድንም፣ በመጀመሪያው ራጅ ላይም ሳትታይ ልታልፍ ትችላለች። ሰውየው ወለም ብሎኛል ብሎ ወጌሻ ጋ ይሄዳል፣ ታሽቶ ይመለሳል፣ ከወራት በኋላ ዕቃ ማንሳት ያቅተዋል። ደህና ጓንት መዳፉ ግርጌ ላይ ልሙጥና ጠንካራ ፕላስቲክ የሚደረግለት ለዚህ ነው። እጅ አስፋልቱን ነክሶ ቀጥ ከሚል ይልቅ እንዲንሸራተት። ያለ ጓንት የወደቀ ሰው መዳፍ ውስጥ የገባ ኮረት እንዴት በብሩሽ እንደሚታጠብም ጽፋለች፤ እሱን እዚህ አልደግመውም፣ የሚችል ገብቶ ያንብበው።

6ኛው ላይ ጋሼ ተመልሰው መጡ። ነርስ ስለ ሞተር አታስተምረኝም የሚል መንፈስ ነበረው። ይህ አላስደሰተኝም። ልጅቱ ስለ ሞተር አይደለም ያወራችው፣ ስለ እጅ ነው። 7ኛው ገብቶ ጸቡን አበረደው። ሳይቃጠል በቅጠል ብሎ ጓንቱን ደግፎ፣ ጋሼ ያነሱት የፍሬን ስሜት ጉዳይ ግን እውነት እንዳለው አልካደም። ወፍራም ጓንት ያደረገ ሰው ፍሬኑን ምን ያህል እንደጨበጠ በደንብ አይሰማውም። መፍትሔው ስስ መዳፍ ያለው ጓንት እንጂ ባዶ እጅ አይደለም። ለኔ ክርክሩ እዚህ ላይ አልቋል።

8ኛው ፓሪስ የሚኖር ወንድማችን ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ከኖቬምበር 20 ቀን 2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጓንት በሕግ ግዴታ ነው። ነጂውም ከኋላ የሚቀመጠውም ማድረግ አለባቸው፣ የሲኢ ምልክት (የአውሮፓን መስፈርት ማሟላቱን የሚያሳይ) የሌለውም አይቆጠርም። ቅጣቱ 68 ዩሮ ሲሆን ነጂው ከመንጃ ፈቃዱ 1 ነጥብ ይቀነስበታል። እዚያ ላይ አንድ ሰው ስለ ሲኢ ምልክት ጠየቀና 9ኛው ስለ አውሮፓው መለኪያ አስረዳ። የሞተር ጓንት መለኪያ ኢኤን 13594 ይባላል። ሁለት ደረጃ አለው። የጓንቱ መዳፍ በሚፍቅ ማሽን ላይ ሲፈተሽ ለደረጃ 1 ሳይበሳ 4 ሴኮንድ፣ ለደረጃ 2 ደግሞ 8 ሴኮንድ መቆየት አለበት። 4 ሴኮንድ ትንሽ ሊመስል ይችላል። አስፋልት ላይ ለሚንሸራተት ሰው ግን ረጅም ነው። አንገቱም ይለያያል፣ ደረጃ 2 ከእጅ አንጓ ቢያንስ 50 ሚሊ ሜትር ማለፍ አለበት፣ ለደረጃ 1 ግን 15 ሚሊ ሜትር ይበቃል።

9ኛው አንድ ነገር ተሳስቷል፣ 10ኛው አረመው። ቡጢ ስንጨብጥ ጎልተው የሚወጡት አጥንቶች ላይ የሚደረገው መከላከያ በሁሉም ጓንት ግዴታ አይደለም። ደረጃ 1 ላይ ላይኖር ይችላል፣ ደረጃ 2 ላይ ግን የግድ ነው። ተፈትኖ ያለፈ ከሆነ የጓንቱ ምልክት ላይ ኬ እና ፒ የሚሉ የላቲን ፊደላት ይጻፋሉ። ፊደሉ ከሌለ ያ የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ለጌጥ የተለጠፈ ሊሆን ይችላል። 9ኛው አመስግኖ ተቀበለው። እንዲህ ነው መተራረም።

11ኛው የመርካቶ ልምዱን አካፈለ፣ እኔ ከሁሉም የወደድኩት ይህንን ነው። ጓንቱን ገልብጦ የውስጡን ጨርቅ ያያል። ምልክቱ የተሰፋ መሆን አለበት፣ የሞተረኛ ሥዕልና ኢኤን 13594 የሚለው ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ላስቲኩ ላይ ብቻ የታተመ ሲኢ ምንም አይነግርህም። ከዚያ ያጠልቀዋል፣ እጁን ግን ዘርግቶ አይለካም፣ የቆመ ሞተር መሪ ይጨብጣል። ሲጨብጥ መዳፉ ውስጥ ቆዳው ከታጠፈ ያ እጥፋት ከአንድ ሰዓት በኋላ ቁስል ይሆናል። የጣቱ ጫፍ ስፌቱን ከነካ ደግሞ ጥፍሩን ይወጋዋል። በመጨረሻ የእጅ አንጓውን ማሰሪያ አጥብቆ ያስርና ጣቶቹን ይዞ እንዲጎትት ለጓደኛው ይሰጠዋል። ጓንቱ ከወለቀ አይገዛውም። በጓደኛ እጅ የሚወልቅ ጓንት አስፋልት ላይ የመጀመሪያውን ሴኮንድ አይቆይም። ሻጮች እንደሚቆጡትም ጽፏል። ይቆጡ።

ከ12 እስከ 15 ያለው ስለ ዝናብ ነው። 12ኛው የዴሊቨሪ ልጅ ነው፣ ክረምት ከበጋ ቀኑን ሙሉ ሞተር ላይ ነው የሚውለው። ውሃ አያስገባም ተብሎ የተገዛ ወፍራም ጓንት ምን እንደሚያደርግ ልክ ነው የገለጸው። ዕቃ አድርሶ ስልክ ሊያነሳ ጓንቱን ሲያወልቅ እርጥብ ጣቱ ገበሩን ይዞት ይወጣል። የጣቶቹ ገበር ተገልብጦ ከመዳፉ ውስጥ ይከማቻል። ከዚያ ትንሿ ጣት የራሷን ቀዳዳ አታገኝም። ዝናብ እየወረደበት፣ ደንበኛ እየደወለ፣ በእስክሪብቶ ጫፍ ጣት በጣት እየገፋ ይመልሰዋል። መፍትሔው ምን ሆነ? ከውስጥ ስስ የሐኪም ጓንት፣ ከላይ ተራ የቆዳ ጓንት። ቆዳው ቢርስም እጁ አይርስም፣ ነፋሱም አይገባም። ላቡ አለ፣ ግን ከብርዱ ይሻላል ይላል።

13ኛው ፌስታል ከላይ ማሰር ይበቃል አለ። በዚህ በጣም አልስማማም። ፌስታል መሪው ላይ ያንሸራትታል፣ ፍሬን መያዣው ላይም ይጠመጠማል። 14ኛውም ይህንኑ ከኔ ቀድሞ፣ ትንሽ ኮምጨጭ ባለ ቋንቋ ነግሮታል። 15ኛው ሲገዛ ገበሩ ከጣቱ ጫፍ ጋር የተሰፋ ወይም የተጣበቀ መሆኑን ጎትቶ ማየት እንደሚበቃ ጨመረ። ወዲያው የጃኬት እጅጌ ከጓንቱ ላይ ይሁን ከሥር የሚለው የዘላለም ክርክር ተነሳ። እኛ ሀገር የሚበዙት ሞተሮች ላይ ቀጥ ተብሎ ነው የሚቀመጠው፣ ክንድ ወደ መሪው ዝቅ ይላል። ውሃው በክንድ ወርዶ ጓንት ውስጥ እንዳይገባ እጅጌው ከላይ ቢሆን ይሻላል። ያኔ የጓንቱ አንገት ቀጠን ያለ መሆን አለበት፣ አለበለዚያ እጅጌው ውስጥ አይገባም።

16ኛው ላይ ከርዕስ ወጣን፣ መውጣቱ ግን ጥሩ ነበር። አንዱ ቆዳችንን ወደ ውጭ ልከን ጓንት መልሰን በውድ እንገዛለን ብሎ ተቆጨ። ለምን እዚሁ አናሰፋም አለ። ብዙ ሰው ደገፈው። 17ኛው ግን ቆዳ ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው፣ ስሜቱን ተረድቶ ነገሩን ከፋፈለው። የኢትዮጵያ በግ ቆዳ በዓለም ገበያ ለጎልፍና ለጌጥ ጓንት የታወቀ ነው፣ ስስ፣ ለስላሳና ለስስነቱ ጠንካራ ስለሆነ። ይህ ማለት ግን ለሞተር ይሆናል ማለት አይደለም። አስፋልት ለሚፍቀው ነገር ውፍረት ያስፈልጋል። ለሞተር የሚሻለው የፍየል ወይም የበሬ ቆዳ ነው። ፍየል ስስ ሆኖ መፋቅን ይችላል፣ ለጣት ስሜትም ይመቻል። የባቲ ፍየል ቆዳ ደግሞ በነጋዴው ዘንድ ስም ያለው ነው። ጥሬ ዕቃው አለን ማለት ነው። የሚቀረው ስፌቱ ነው። ሰው ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚተረተረው ቆዳው ሳይሆን ስፌቱ ነው። በጥጥ ክር፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተሰፋ መዳፍ ይፈነዳል። ናይለን ወይም ፖሊስተር ክር፣ ድርብ ስፌት፣ መዳፉ ላይ ድርብ ቆዳ። ይህን የሚሠራ ሰፊ ካገኛችሁ አሰፉ።

18ኛው ይህን እንደ ሀገር መናቅ ቆጥሮት ተሳደበ። አላስፈላጊ ነበር። 17ኛው ሀገሩን አልናቀም፣ ከሁላችንም በላይ የሚያውቀውን ነው ያካፈለው። 19ኛው ደግሞ ነገሩን አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ሞተር ላይ ወደጣለችው ገደብና ወደ ፈቃድ ጉዳይ ወሰደው። እሱ ሌላ ክር አለው፣ አልፈዋለሁ።

20ኛው ከዱባይ ነው። በጋ ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ እየነዳ እንኳን ጓንት አያወልቅም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፀሐይና ትኩስ ነፋስ ባዶ እጅን ያደርቀዋል፣ ላብ ያዘለ መዳፍ ደግሞ ጋዙ ላይ ያንሸራትታል። እሱ የሚያደርገው ላዩ ወንፊት ጨርቅ፣ መዳፉ ቆዳ የሆነ ነው። የድሬዳዋ ልጅ ተከትሎት የጣት ጫፍ የሌለውን ጓንት አሞገሰ፣ 21ኛው መሆኑ ነው። ይቅርታ አድርግልኝና ወንድሜ፣ ጣት የሌለው ጓንት ለብስክሌት ወይም ለጂም ይሁን። ሰው ሲንሸራተት ጣቱን አጥፎ አይንሸራተትም።

22ኛው ፒስታ ላይ የሚነዳ ነው። አስፋልት ለቆ ጠጠርና ጭቃ ውስጥ ለሚገባ ሰው ቀለል ያለ ስስ ጓንት ይመቻል፣ ምክንያቱም እጅ ያለማቋረጥ ይሠራል፣ ፍጥነቱም አነስተኛ ነው። ከፊት መኪና የሚወረውረውን ድንጋይ ለመመከት መሪው ላይ የፕላስቲክ እጅ መከላከያ ማሰርን መከረ። እሱ ብርድንም ይቀንሳል። ይህችን ምክር ሱሉልታ ለሚነዳው ጠያቂያችን አሰምሬባታለሁ፣ ርካሽ ናት፣ ነፋሱን ከጣት ላይ ታነሳለች።

23ኛው ጀርመን የሚኖር ሰው ነው፣ ስለ እውነተኛ ብርድ የጻፈው እሱ ነው። እዚያ በመሪ ላይ የሚገጠም ማሞቂያ የተለመደ ነው። ማሞቂያው እንዲሠራ ግን የጓንቱ መዳፍ ስስ፣ ገበሩ ከላይ ብቻ መሆን አለበት። ወፍራም መዳፍ ሙቀቱን ያግደዋል። በባትሪ የሚሞቅ ጓንትም አለ፣ ሁለት ሁለት ጣት አንድ ላይ የሚያስገባም አለ። የጠበቀ ጓንት ደግሞ የቱንም ያህል ወፍራም ቢሆን ይበርዳል፣ ሙቀት የሚይዘው በጣትና በገበሩ መሀል ያለው አየር ነውና። ይህ ለደብረ ብርሃንና ለጣርማ በር መንገደኛም ይሠራል።

24ኛው ላይ ጠያቂው ተመለሰ። ሁለት ሊገዛ ወስኗል። አንዱ አጭር የፍየል ቆዳ፣ መዳፉ ላይ ማንሸራተቻ ፕላስቲክ ያለው፣ ለከተማና ለበረሃ። ሌላው አንገቱ ረዘም ያለ፣ ነፋስና ውሃ የማያስገባ፣ ለጠዋት ብርድና ለክረምት። ጎሃ ጽዮን ላይ ቁርስ ሲበሉ ይቀይራል። ወዲያው አንዱ ሁለት ጓንት የሀብታም ወሬ ነው ብሎ ጻፈ። ተናዶ ነበር፣ ንዴቱም ይገባኛል። የብየዳ ጓንት አድርገው የሚነዱ የዴሊቨሪ ልጆች ስላሉ ነው የተናደደው። የኔ መልስ ይህ ነው፦ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ያለው ሰው አጭሩን የቆዳ ጓንት ይግዛ። ለብርዱ ከሥሩ ስስ የሱፍ ወይም የሐኪም ጓንት ያድርግ፣ ስለዚህ ከፍተኛ ብርድ ላይ እንዳይጠብቀው ጥቂት ሰፋ ያለውን ይምረጥ፣ የመጎተቱን ፈተና ግን ማለፍ አለበት። የብየዳ ጓንት መዳፉ ጠንካራ ነው፣ ግን ማሰሪያ የለውም፣ ሲወድቁ ቀድሞ የሚወልቀው እሱ ነው።

25ኛው ስለ አያያዝ ነው። የረሰ የቆዳ ጓንት ከሰል አጠገብ ወይም ቀትር ፀሐይ ላይ አይሰጣም፣ ቆዳው ደርቆ ይሰነጠቃል። ጋዜጣ ጠቅጥቆ ጥላ ውስጥ ማንጠልጠል፣ ሲደርቅ የቆዳ ቅባት ስስ አድርጎ መቀባት። ማሰሪያው ላይ የተጣበቀውን ጭቃና ክር በጥርስ ብሩሽ መጥረግም አይረሳ፣ ቆሻሻ የያዘ ማሰሪያ አይይዝም።

26ኛዋ ሴት ሞተረኛ ናት። እስካሁን የተባለው ሁሉ ለወንድ እጅ ነው ብላ ወቀሰችን፣ እውነቷን ነው። የወንድ ትንሹን ቁጥር ስታደርግ መዳፉ ይሰፋታል፣ ጣቶቹ ግን ያጥሯታል። ለሴት እጅ ተብሎ የተቆረጠ ጓንት እንዳለ 27ኛው ነገራት፣ በውጭ አምራቾች ዘንድ የተለመደ ነው። ሀገር ቤት ለማግኘት ስለሚከብድ ከውጭ የሚመጣ ሰው ላይ ማዘዝ ሊኖርባት ይችላል። ለዚያ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዛ አውራ ጣቷን ሳትጨምር የመዳፏን ዙሪያ ትለካለች፣ ከመሀል ጣት ጫፍ እስከ መዳፏ ግርጌም ያለውን ርዝመት። ሁለቱንም በሴንቲ ሜትር ጽፋ ትልካለች፣ በመዲየምና በላርጅ ብቻ አይታመንም፣ የአንዱ አምራች መዲየም የሌላው ስሞል ነው። የምትጽፍበት እጅ ብዙ ጊዜ ትንሽ ስለሚበልጥ ልኬቱ በእሱ ይሁን።